የቀዩ ሥዕል ሰው፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

የዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ሕይወት ዓምድ ተረኛ እኔ ነኝ። ክበባችን ውስጥ ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ ሯጭ ነበር። ሯጩን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሰዓሊ ወሰድኩ። አማካሪያችን ለምን እንደቀየርኩ ሲጠይቁኝ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ።

ወንድሜ ይሥል ነበር። መርሳን የምታውቁ ሰዎች፣ ከመነኻሪያው ወደ ታች ስትወርዱ አንድ የሻይ ቤት በር ላይ የማንጎና የፓፓያ ሥዕል አለ፤ እሱ ነው የሣለው። ቤታችን ውስጥም ሁለት ደብተር ሙሉ ሥዕል አለው። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰ እየቆየ ዝምተኛ ሆነ። ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይሥላል፣ ጠዋት አይነሳም። ከዚያ አንድ ቀን በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሄደ። ሐብሩ ውስጥ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ሄዷል። እናቴ ግን የሄደው በሥዕሉ ምክንያት ነው ትላለች። ሥዕል ልብ ያስሸፍታል፣ ሰውን ብቻውን ያስቀምጠዋል፣ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ደግሞ ያዝናል፣ ያዘነ ሰው አገር አይበቃውም ነው የምትለው። ስለዚህ እኔ እርሳስ ይዤ ከተቀመጥኩ ትቆጣለች። ሳይንስ ላይ የአበባ ክፍሎችን ስሥል እንኳ መጥታ ታያለች።

እና እኔ ማወቅ የፈለግኩት ይኼን ነው። ሰዓሊ የሚሆነው ያዘነ ሰው ነው ወይስ ሰዓሊ ሲሆን ነው የሚያዝነው? የሥነ ጥበብ መምህራችንን ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንዳነብ ነገሩኝ። መጽሐፍ ከወልድያ አስመጡልኝ፤ ሥዕሎቹን ደግሞ በስልካቸው አሳዩኝ። የስልኩ መስታወት የተሰነጠቀ ስለሆነ አንዳንዱ መስመር የሥዕሉ ይሁን የስልኩ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ወደ ታሪኩ ልግባ። አንድ ነገር ግን ላስታውቅ፤ በዕድሜ አያቴ የሚሆን ሰው ነው፣ እኔ ግን አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው። መጽሐፎቹም እንደዚያ ስለሚጽፉ ነው እንጂ ንቀት አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹን ደግሞ እንዳገኘኋቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት። ወደ እኛ ለመለወጥ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ በብራና ላይ ይጽፋሉ፣ ሥዕልም ይሥላሉ። ስለዚህ ልጁ ቀለም ሲበጠበጥና ብራና ሲዘጋጅ እያየ ነው ያደገ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሥዕል የጀመረው ልጅ ሆኖ፣ ገና ምንም ሳይደርስበት፣ አባቱ ጎን ተቀምጦ ነው። ይኼን ሳነብ ለእናቴ ልነግራት ሮጥኩ። እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ ጭሱ ዓይኗን ስላስቸገራት ይሁን ስላልፈለገች አላውቅም፣ መልስ አልሰጠችኝም።

አዲስ አበባ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ። አልጨረሰውም። ትቶት ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። የዛሬ ቤተሰብ ቢሆን ምን እንደሚባል እናንተው ገምቱት! የእኛ ክፍል አንደኛ የወጣው ልጅ ዶክተር እሆናለሁ ካላለ ቤቱ እራት የሚሰጡት አይመስለኝም።

ከዚያ ጀርመን ለመሄድ ዕድል አገኘ። ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ በምትባል ከተማ ሥዕል ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። እዚያ ሳለ ነው እንግዲህ ሥዕሉ የተለወጠ። አባቱ የሚሥሏቸው ቅዱሳን ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ ማን ማን እንደሆኑ በአንድ እይታ የሚታወቁ ናቸው። ኮሎኝ ያሉት ደግሞ የሰውን ፊት ትተው ቀለሙን ብቻ፣ ስሜቱን ብቻ መሣል ጀምረው ነበር። አብስትራክት ይባላል፤ በአማርኛ ረቂቅ ሥዕል የሚሉም አሉ። ገብረ ክርስቶስ ሁለቱንም ያየ ሰው ነው።

ጀርመን ሆኖ ግጥምም ይጽፍ ነበር። በባንዲራ ቀን በሚኒ ሚዲያችን የምናነበውን ሀገሬ የሚለውን ግጥም ታውቁታላችሁ አይደል? የጻፈው እሱ ነው፣ ያውም ከአገሩ ርቆ። እኔ ግጥሙን አራተኛ ክፍል ሆኜ በቃሌ ሸምድጄው ነበር፤ አገሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆሞ የጻፈው ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ቀዝቃዛ አገር፣ ኪራይ ክፍል ውስጥ፣ አማርኛ የሚያወራው ሰው ሳያገኝ የተቀመጠ ወጣት አድርጌ ነው የማስበው። ናፍቆት ነው ያስጻፈው። ናፍቆት ደግሞ ከኀዘን ጋር ጎረቤት ነው፤ አያቴ ናፍቆት የተስፋ ኀዘን ነው ትላለች፣ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

የወሎ ሰው ይኼን ለማወቅ ጀርመን መሄድ አያስፈልገውም እኮ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ናቸው። አምባሰል ማለት ደግሞ ጎረቤታችን ነው፣ ከሐብሩ ወደ ደሴ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። አያቴ ቡና ስትቆላ ቀስ አድርጋ ታንጎራጉራለች፤ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ደግሞ በዛ። ግን ስታንጎራጉር ፊቷን አይቼዋለሁ። ከማንጎራጎሯ በፊት ነው ፊቷ የሚከፋው፤ ከጨረሰች በኋላ ቡናውን በደንብ ትወቅጣለች፣ እኛንም ትጠራለች፣ ትስቃለችም። እንግዲህ እንጉርጉሮው ነው ያሳዘናት ማለት አይቻልም። ይኼንን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ገብረ ክርስቶስ በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲስ አበባ ውስጥ በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነበር፤ እዚያ መምህር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሥዕሎቹን ለሕዝብ አሳየ። ሰው ተደናገጠ። የገባቸው ተደነቁ፣ ያልገባቸው ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም አሉ። አባቱ ብራና ላይ የሚሥሉ፣ ራሱ በአማርኛ ግጥም የሚጽፍ ሰው ኢትዮጵያዊ አልሆንክም ሲባል ምን ይሰማው ይሆን? እኔን ይኼ ነገር አናደደኝ። አንድ ሰው ግንዱን አረንጓዴ፣ ቅጠሉን ቡናማ ቢቀባ አገሩ ይቀየራል እንዴ?

በዚያው በ1963 ነው ጎልጎታ የተባለውን ሥዕል የሠራ። ርዕሱ ላይ የቀዩ ሥዕል ያልኩት እሱን ነው። መምህራችን ስልካቸውን ሲሰጡኝ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቀይ ብቻ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ኢየሱስ በዚህ፣ እመቤታችን በዚያ፣ ወንበዴዎቹ በዚህ ብሎ የሚያሳይ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንደዚያ አላደረገም። ስቅለቱን ሣለ እንጂ ታሪኩን አልተረከም። ቆይቼ ሳየው ቀዩ ውስጥ የተሰቀለ ሰውነት ታየኝ። ሕመሙን ነው የሣለው። ስልኩን መልሼ ስሰጥ እጄ አልቦት ነበር። ክፍል ውስጥ ለሁለት ለሦስት ልጆች አሳየናቸው፤ አንዱ የፈሰሰ በርበሬ ነው ብሎ ሳቀ፣ አንዷ ግን ምንም ሳትናገር ወጣች። እኔ ደግሞ ጦርነቱ እዚህ የደረሰ ጊዜ ትዝ አለኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም፣ እዚህ ትምህርት ቤት የሚያነብ ሁሉ የየራሱን ያውቃል። ብቻ እኔ በዚያ ሰሞን ያየሁትን ለሰው ልናገር ስሞክር ቃል አላገኝም ነበር፤ ይኼ ሥዕል ያለ ቃል ተናገረው።

ታዲያ ይኼን የሣለ ሰው ደስተኛ ነበር ልል አልችልም። ገብረ ክርስቶስ የቆዳ ሕመም ነበረበት። ቆዳ ላይ ያለ ሕመም ደግሞ እንደ ጨጓራ አይደበቅም፤ ገና ሳትናገሩ ሰው ያየዋል። በዚህ የተነሳ ብቸኝነት ያጠቃው ነበር። በግጥሞቹም ውስጥ ብቸኝነትና ሞት ደጋግመው ይመጣሉ። ሰው ስለ እሱ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ደርሶ ያቆማል፤ ታሞ ነበር፣ ብቸኛ ነበር፣ ስለዚህ ጥሩ ሣለ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ በመልኩ የሚሳቅበት ልጅ አለ (ስሙን አልጽፍም፣ የሚስቁት ራሳቸውን ያውቃሉ)። ያ ልጅ በመሳቁ ምክንያት ሰዓሊ አልሆነም። ከክፍል መቅረት ነው የጀመረው። ኀዘን ብቻውን ቢያሥል ኖሮ የእኛ አካባቢ በሙሉ በሰዓሊ ይሞላ ነበር።

የገብረ ክርስቶስ ነገር ሌላ ነው። ከልጅነቱ ቀለም ያውቃል፣ አራት ዓመት ውጭ አገር ተምሯል፣ ተመልሶ ደግሞ በየቀኑ ሠርቷል። ኀዘኑ የመጣበት ቤት ውስጥ ብሩሽና ሸራ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ደግሞ የሣለው ሁሉ ቀይ አይደለም! አረንጓዴ የሆነ ረቂቅ ሥዕልም አለው፤ እሱን ሳየው ከክረምት በኋላ ጊራና በኩል ያለው ማሳ ነው ትዝ ያለኝ። መምህር ሆኖም ለዓመታት ሌሎችን አስተምሯል። ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ተማሪ አያስተምርም። በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተሸለመ። የፈረንጅ ነው ያሉት ሰዎች በዚያ ቀን ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ መምህራችንን ስነዘንዛቸው ስለ አንድ ሌላ ሰዓሊም ነገሩኝ፤ ቪንሰንት ቫን ጎ ይባላል፣ የሆላንድ ሰው ነው። የሞተው በ1890 ነው፣ ገና በ37 ዓመቱ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት፣ በሕይወት እያለ ሥዕሉን የሚገዛው ሰው አላገኘም ማለት ይቻላል። ዓለም ሁሉ ያበደና ያዘነ ሰው ስለሆነ ነው እንደዚያ የሣለው ይላል። ነገር ግን ሕመሙ በጣም ሲጠናበት መሣል አይችልም ነበር፤ የሚሥለው ሲሻለው ነው። ገንዘብና ቀለም ይልክለት የነበረው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ቴዎ ነው። ወንድሙ! ይኼን ሳነብ ቅድም ያልኳችሁ የአያቴ እንጉርጉሮ ትዝ አለኝ። ቫን ጎ ሲሥል ነው የሚሻለው ወይስ ሲሻለው ነው የሚሥለው አላውቅም፤ አያቴም ብትጠየቅ የምታውቅ አይመስለኝም። ሁለቱንም ግን ሥራው አላሳመማቸውም።

እዚህ ጋ ብቻ እናቴ ትክክል የሆነችበት ነገር አለ፣ እሱን ብደብቅ ውሸታም እሆናለሁ። ገብረ ክርስቶስም በመጨረሻ ሄደ። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አገሩን ጥሎ ወጣ። ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኦክላሆማ በሚባል ግዛት ውስጥ ሎውተን የምትባል ከተማ አለች። በ1981 መጋቢት ወር እዚያ ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ያንን ሁሉ ሕፃን በባንዲራ ቀን የሚያነበውን ግጥም የጻፈ ሰው፣ አገሩን ሳያይ አለፈ። ይኼን ክፍል ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ውጭ ወጣሁ። ወንድሜ የደወለው ለመጨረሻ ጊዜ ለፋሲካ ነበር። አብሽሩ፣ ደህና ነኝ ብሎ ነው የዘጋው።

ግን ገብረ ክርስቶስን ያስወጣው ሥዕሉ አይደለም። ዘመኑ ነው። በዚያ ጊዜ ሥለው የማያውቁ፣ ግጥም ጽፈው የማያውቁ ብዙ ሰዎችም ወጥተዋል፣ ታስረዋል፣ ሞተዋል። የእኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው። ከወንድሜ ጋር አብረውት የሄዱት ሦስት ልጆች አንዳቸውም አይሥሉም። አንዱ እንዲያውም የእርሳስ አያያዝ የማያውቅ ኳስ ተጫዋች ነው። ሥራ የለም፣ መሬት የለም፣ ደላላ አለ፤ በቃ። ይኼን ለእናቴ በዚህ መልክ ነው የነገርኳት፣ ጣቴን እየቆጠርኩ። እሷም የኳስ ተጫዋቹን እናት ስም ጠርታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ገብረ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ ግጥሞቹ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርዕስ ታተሙ። ውጭ አገር ከቀሩት ሥዕሎቹም ወደ አገር ቤት የተመለሱ አሉ። በ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከፈተ። እሱ ባይመለስም ሥዕሉ ተመልሷል ማለት ነው። ከእኛ ትምህርት ቤት ሙዚየሙን ያየ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። መምህራን ሆይ፣ የትምህርት ጉብኝት ሁልጊዜ ወልድያ ስታዲየም ብቻ ለምን ይሆናል? ይኼን ስጽፍ ቅጣት እንደማይኖረው ተስፋ አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜን ደብተር አውጥቼ ከፈትኩት። እናቴ አየችኝ፣ ግን አልተቆጣችም፤ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ገጹን እየገለጥን አብረን አየን። ከመሄዱ በፊት ባሉት ቀናት ውስጥ ያዘነ ነገር የሣለ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች ስናይ ግን የእኛ አህያ ናት፣ አያቴ ስትስቅ ጥርሷ ሁለት ብቻ ሆኖ፣ ከዚያ ደግሞ እናቴ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ። እናቴ የራሷን ሥዕል ብዙ ጊዜ አየችው። አፍንጫዬን አበዛው አለች። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ከዚህ ጽሑፍ በታች ያለውን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ። ጎልጎታን አስመስዬ ለመሥራት ነበር የሞከርኩት፤ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ የእኛን ግቢ ሣልኩት። ቀዩን እስክሪብቶ ያዋሱኝ የሒሳብ መምህራችን ናቸው። እያረምኩበት ነው ብለው መልሰው ስለወሰዱት በግራ በኩል ያለው የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀባ ቀርቷል።